ልደታችን በሁለት አገር መዝገብ

ለኩልመስክና ለአካባቢው ነዋሪዎች የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ስለ ወረቀት ልናገር ነው የመጣሁት። ሰውን ከሥራውና ከገበያው አስቀርቶ ስለ ወረቀት ማውራት ለተናጋሪውም ለሰሚውም አይቀልም። ሆኖም በላሊበላና በላስታ ዙሪያ ይህ ጉዳይ የማይነካው ቤት እያነሰ ሄዷል። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ ወዲህ የውጭ ሰው በዚህ አገር ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ከሚመጣው እንግዳ መካከል ፎቶ ይዞ የሚመለስ አለ፤ ትዳር ይዞ የሚመለስም አለ። ከዚያ ይልቅ የሚበዛው ግን፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ በደርግ ጊዜና ከዚያ ወዲህ ተሰዶ ስዊድን የገባው፣ ዜግነት ካገኘ በኋላ ለትዳር ፊቱን ወደ አገሩ የሚመልሰው የራሳችን ልጅ ነው።

ሰርጉ ያልቃል፤ ከስዊድን የመጣው ወገን ወደ ሥራው ይመለሳል። እዚህ የቀረው ባል ወይም ሚስት ወደ ስዊድን ለመከተል የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከት አለበትና ወረቀት ፍለጋ ይጀምራል። የልደት፣ የጋብቻ፣ ያላገባ፣ የወላጆች፣ ፓስፖርት፣ የፋይዳ መታወቂያ። ከቀበሌ ወረዳ፣ ከወረዳ ዞን፣ ከዚያም በድልብና በወልድያ፣ በደሴ አድርጎ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ። በዚህ ሁሉ መካከል የሁሉም ጭንቀት «ወረቀት ይጎድለኝ ይሆን?» የሚል ነው። እኔ የደረስሁበት ግን ሌላ ነው። ጉዳይ የሚያበላሸው የወረቀት መጉደል ሳይሆን እርስ በርሱ የሚጣላ ወረቀት መብዛቱ ነው። የሌለ ወረቀት ለምን እንደሌለ ይነገራል፤ ሁለት የልደት ቀን ያለው ሰው ግን የትኛው እውነት እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ሌላው ከየት እንደመጣም ማስረዳት አለበት።

ስዊድኖች የወረቀትን ልዩነት ለምን ይህን ያህል ይመረምራሉ? ክፋት አይደለም። ልማዳቸው ነው፤ ልማዱም የቆየ ነው። በእነሱ አቆጣጠር በ1686 የወጣው የስዊድን የቤተ ክርስቲያን ሕግ እያንዳንዱ ቄስ በአጥቢያው የተወለደውን፣ የተጠመቀውን፣ ያገባውንና የሞተውን ሁሉ በመዝገብ እንዲያሰፍር አዘዘ። በእኛ ብንቆጥረው ቀዳማዊ ኢያሱ በጎንደር ከነገሡ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ማለት ነው። ከ1749 ጀምሮ ደግሞ ከየአጥቢያው መዝገብ ተለቅሞ የአገሩ ሕዝብ ይቆጠር ጀመር። በ1947 ለእያንዳንዱ ነዋሪ የግል ቁጥር ተሰጠ። መዝገቡ በቄሶች እጅ እስከ 1991 ቆይቶ በዚያ ዓመት ሐምሌ ወር በእነሱ አቆጣጠር ወደ ግብር መሥሪያ ቤቱ፣ ስካትቬርኬት ወደሚሉት፣ ተዛወረ። ስለዚህ አንድ ስዊድናዊ የልደት ማስረጃ «ላውጣ» ብሎ አይንከራተትም። ምስክር አይጠራም። ከግብር መሥሪያ ቤቱ መዝገብ አንድ ገጽ ተቀድቶ ይሰጠዋል፤ ስሙም፣ የተወለደበት ቀንም፣ አግብቶ እንደሆነም፣ አድራሻውም እዚያው ላይ ነው። በዚህ ኑሮ ያደገ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ የእኛን ፋይል ሲከፍት እያንዳንዱ ወረቀት ከአንድ መዝገብ የተቀዳ መስሎ ይታየዋል። ወረቀቶቹ ሲለያዩ የሚደነግጠው ለዚህ ነው።

እኛም ጽሕፈት ስላልነበረን አይደለም መዝገብ ያጣነው። ካህናቱ ነበሩ፣ ብራናውም ቀለሙም ነበር። ነገሥታት ለአብያተ ክርስቲያናት የሰጡት ርስትና ጉልት በወንጌል መጻሕፍት ባዶ ገጾች ላይ እየተጻፈ ዘመን ተሻግሮ ደርሶናል። መሬቱ ተመዘገበ፤ በመሬቱ ላይ የተወለደው ልጅ ግን አልተመዘገበም። ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው። የስዊድን መንግሥት ለግብርም ለወታደርም ሰው መቁጠር ፈለገና ሥራውን በቄሱ ላይ ጫነ። የእኛ መንግሥት ግን የፈለገው መሬቱንና ግብሩን ነበር፤ ሰውዬውን ጎረቤቱና ዘመዱ ያውቁታል።

ዘመናዊው ሕግም ቢሆን ዘግይቶ ነው የደረሰልን። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ ምን እንደሚመስል አንድ በአንድ ደንግጎ ነበር፤ ነገር ግን ክፍሉ በነጋሪት ጋዜጣ ትእዛዝ እስኪወጣ ሥራ ላይ እንዳይውል በዚያው ሕግ መጨረሻ ተወሰነ። ትእዛዙ ሳይወጣ ከ50 ዓመት በላይ አለፈ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ምዝገባው በመላ አገሪቱ የተጀመረው ደግሞ ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም.። በዚያው ዓመት አካባቢ የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት መካከል ልደታቸው በመንግሥት መዝገብ የሰፈረው ከ100 ሦስቱ ያህል ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል።

ስለዚህ ዛሬ ለትዳር የደረሰ የላስታ ሰው ሁሉ ልደቱን ያስመዘገበው ካደገ በኋላ ነው። በአዋጁ አፈጻጸም ይህ «ነባር» ይባላል። በ1985 የተወለደ ሰው በ2016 የወጣ የልደት ወረቀት ቢይዝ ሐሰት አይደለም፤ ስዊድኖችም የአገራችንን ሁኔታ ስለሚያውቁ በዚህ ብቻ ፋይል አይጥሉም። የሚጠይቁት፣ የሚገባቸውም ጥያቄ፣ «በምን ተመሥርቶ ነው የተጻፈው?» የሚል ነው። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

አንዲት የኩልመስክ እናት የልጇን ልደት በቁጥር አትናገርም ይሆናል። ግን አታውቅም ማለት አይደለም። «ከ77ቱ ድርቅ በኋላ በመጀመሪያው ዘመነ ሉቃስ፣ ለጥቅምት ሚካኤል» ብትል ከዚህ የበለጠ ምን ትበል? ለቤተ ክህነት ሰው ይህ የተሟላ ቀን ነው። ዓመተ ምሕረቱን በ5500 ላይ ደምሮ ለአራት ያካፍላል፤ አንድ ቢተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ማርቆስ፣ ሦስት ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው። 1977 ማቴዎስ ነበር፣ 1979 ሉቃስ። ሚካኤል በ12 ነው። ልጁ የተወለደው ጥቅምት 12 ቀን 1979 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ ኦክቶበር 22 ቀን 1986። የእናትን ቃል ንቆ ለመመዝገብ እንዲመች «መስከረም 1» የሚጽፍ ሠራተኛ እውነቱን በእጁ ይዞ ይጥለዋል። እናቶቻችን በሕይወት ሳሉ ተቀምጦ መጠየቅ ያስፈልጋል። ማን አዋለዳት? ማን ክርስትና አነሳ? በዚያ ወር ማን ሞተ፣ ማን ተዳረ? ከዚያ ከተቻለ በጤና ጣቢያ ካለው የክትባት ካርድና በትምህርት ቤት ከተመዘገበው ጋር ማስተያየት ነው።

የቤተ ክርስቲያን ወረቀት ይዘው የሚመጡም አሉ። መልካም ነው፤ ግን አንድ ነገር ይታሰብበት። የጥምቀት ወረቀት ላይ የሚጻፈው የክርስትና ስም ነው። መታወቂያዋ ታደለች የሚላት ሴት በዚያ ወረቀት ወለተ ማርያም ናት። የአጥቢያው አስተዳዳሪ ሁለቱንም ስም ጽፈው አንዲት ሰው መሆኗን በደብዳቤው ካልገለጹ ስዊድን፣ ስቶክሆልም ወይም ኖርሾፒንግ የተቀመጠው የፍልሰት ሠራተኛ ሁለት ሴቶች ነው የሚያየው። በአንድ መስመር የሚቀረፍ ችግር ነው።

ወደ ዘመን ቆጠራው ልመለስ፤ ከሁሉ የበዛው ስህተት የሚወለደው ከዚያ ነውና። ብዙ ሰው ወደ ፈረንጅ ሲመልስ ሰባት ደምሮ ያልፋል። እስከ ታኅሣሥ 22፣ በዘመነ ዮሐንስ እስከ 21፣ ድረስ ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ግን ስምንት ነው የሚደመረው። ታኅሣሥ 25 ቀን 1983 የተወለደች ልጅ ጃንዩዋሪ 3 ቀን 1991 ነው የተወለደችው፤ ሰባት የደመረ ጸሐፊ አንድ ዓመት ያስረጃታል። ዓመቱ የ18 ዓመት ዕድሜ የሚለካበት ከሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለተኛው ስህተት የአንድ ቀን ነው። ይህን ለላስታ ሰው ማስረዳት አያስቸግርም፤ የገና በዓላችን በሦስቱ ዓመታት ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 28 እንደሚውል ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ምክንያቱ ባለፈው ዓመት መጨረሻ ጳጉሜን ስድስት መሆኗ ነው። ከዚያ ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ያሉት ቀናት ሁሉ በፈረንጁ ላይ አንድ ቀን ይገፋሉ። ጥቅምት 12 ቀን 1979 ኦክቶበር 22 ሲሆን ጥቅምት 12 ቀን 1980 ኦክቶበር 23 ነው። ቀበሌው በአንዱ፣ የፓስፖርት ቢሮው በሌላው ቢያሰላው አንድ ሰው ሁለት ልደት ይኖረዋል። ስለዚህ ቀኑ አንድ ጊዜ በትክክል ይሰላ፤ ውጤቱ ይጻፍና ከዚያ በኋላ በሄዳችሁበት ሁሉ ያንኑ ስጡ። «እናንተ አስሉልኝ» አትበሉ።

በነገራችን ላይ በቀን የተምታታነው እኛ ብቻ አይደለንም። ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1700 ጀምሮ አቆጣጠሯን ቀስ በቀስ ለመለወጥ ሞክራ ተዘባርቆባት ወደ ኋላ ስትመለስ በ1712 ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን አውላለች። ወደ ዛሬው አቆጣጠር የገባችው በ1753 ነው፤ ያኔም ከፌብሩዋሪ 17 ማግሥት ማርች 1 ሆነ። የዚያን ዘመን መዝገብ የሚያገላብጡ ስዊድናውያን ዛሬም በዚህ ይቸገራሉ።

ልደቱን ማንም ሳይነግረው ወደ ስዊድን የሄደ፣ ወይም ለመናገር ያልፈለገ ሰው፣ እዚያ ብዙ ጊዜ ጃንዩዋሪ 1 ይሰጠዋል። ይህ ምን እንዳስከተለ ልንገራችሁ። የስዊድን የግል ቁጥር በልደት ቀን ይጀምርና ሦስት አሐዝ ይከተለዋል፤ ከዚያ የማረጋገጫ አንድ አሐዝ። የሦስቱ አሐዝ የመጨረሻው ለወንድ ጎዶሎ፣ ለሴት ሙሉ ነው። ስለዚህ ለአንድ የልደት ቀን የሚበቃው ወደ 500 ወንድና ወደ 500 ሴት ነው። ከየአገሩ የተሰደደ ሰው በጃንዩዋሪ 1 እና በጁላይ 1 ስለተመዘገበ በአንዳንድ ዓመታት ለእነዚህ ቀናት ቁጥር አለቀ፤ ከዚያ ወዲህ ሕጉ በአቅራቢያው ባለ ሌላ ቀን ቁጥር እንዲሰጥ ፈቅዷል። ሰውዬው የተወለደበት ቀን አንድ፣ ፓስፖርቱ ላይ ያለው ሌላ፣ ቁጥሩ ላይ ያለው ሦስተኛ ይሆናል። ዕድሜ ልኩን በሐኪም ቤትና በባንክ ሲያስረዳ ይኖራል።

ስለ ስም አጥብቄ ልናገር። በእኛ ፊደል «ጽጌ» አንድ ናት። በላቲን ሲጻፍ አንዱ ጸሐፊ በ«ቲ» እና በ«ኤስ»፣ ሌላው በ«ቲ» እና በ«ዜድ»፣ ሦስተኛው በ«ኤስ» ብቻ ይጀምራታል። የስምንተኛ ክፍል የፈተና ካርድ፣ የቀበሌው የእንግሊዝኛ ክፍል፣ ፓስፖርቱ፣ ፋይዳው በየራሳቸው መንገድ ከጻፏት አራት ጽጌዎች ናቸው። ፓስፖርት ካላችሁ የፓስፖርቱን አጻጻፍ በወረቀት ጽፋችሁ ይዛችሁ ዙሩ፤ ሌላው ሁሉ እሱን ይከተል፤ ትርጉም የሚሠራላችሁም ፈቃድ ያለው ተርጓሚ ያንኑ ይጻፍ። ስዊድን ማመልከቻውን የምታየው በስዊድንኛ ወይም በእንግሊዝኛ በተተረጎመ ሰነድ ነውና ተርጓሚው ያበላሸው ስም በእናንተ ላይ ይቆጠራል።

ከፊደሉ የሚከብደው የአባት ስም ነው። በአጎቱ ወይም በአያቱ ቤት ያደገ ልጅ አሳዳጊውን እንደ አባት አድርጎ ትምህርት ቤት መመዝገቡ በወሎ ገጠር የተለመደ ነው። በተለይ በ1977 ድርቅ ወላጆቻቸውን ያጡ፣ ወይም ቤተሰባቸው ወደ መተከል፣ ወደ ወለጋና ወደ ኢሉባቦር ለሠፈራ የሄደባቸው ልጆች በማን እጅ እንዳደጉ እናንተ ታውቃላችሁ። የወለደ ብቻ ሳይሆን ያሳደገም አባት ነው፤ ማንም አይነቅፈውም። ግን የስዊድን የፍልሰት መሥሪያ ቤት፣ ሚግራሾንስቬርኬት፣ በማመልከቻው አባትን፣ እናትን፣ ወንድምና እኅትን ሁሉ በስም ይጠይቃል። ዛሬ አጎቱን አባቴ ብሎ የሞላ ሰው ነገ ወንድሙ በእውነተኛው አባት ስም ሲያመለክት አንዱ ፋይል ሌላውን ይክደዋል። ልጅን በሚመለከት ጉዳይ ሰነድ ካልበቃ የዘረመል ምርመራ ሊቀርብ ይችላል፤ የዘረመል ምርመራ ደግሞ ያሳደገን አባት አያውቅም። ለዚህ መፍትሔው በልደት ምዝገባው ላይ እውነተኛውን ወላጅ ማስመዝገብ፣ የተጻፈው ከተሳሳተም በወረዳ ፍርድ ቤት በምስክር ማስቃናት ነው። ጉዲፈቻ ከሆነም ጉዲፈቻ ተብሎ ይጻፍ። ማመልከቻው ላይም «በዚህ ስም ያደግሁት በአጎቴ ቤት ስላደግሁ ነው» ብሎ በግልጽ መጻፍ ነውር የለውም። የእናት ስምም እንዲሁ ሙሉ ሆኖ፣ ከነአባቷና ከነአያቷ፣ ይጻፍ፤ በቤት መጠሪያ ወይም በቁልምጫ አይጻፍ።

ጋብቻው ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የክልላችንም የቤተሰብ ሕግ ከ1995 ጀምሮ፣ ሦስት ዓይነት ጋብቻ ያውቃሉ፦ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዐትና በባህል ሥርዐት። በቁርባን ብታገቡም በሰማንያ ብታገቡም ጋብቻው ሕጋዊ ነው፤ ግን በማናቸውም ቢፈጸም መመዝገብ አለበት፤ አዋጁም 30 ቀን ሰጥቶታል። የተጻፈ የሰማንያ ውል ከነምስክሮቹ ፊርማ ለምዝገባው ጥሩ መነሻ ነው፤ ብቻውን ግን ለስዊድን አይበቃም። ከስዊድን የመጣው ወገን ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ከስካትቬርኬት ይዞ ይመጣል፤ እዚህ ያለውም ከቀበሌው ያላገባ ማስረጃ ያወጣል። ይህን ማስረጃ ለማግኘት ያለፈን ትዳር መደበቅ ትልቅ ጥፋት ነው። ፍቺ ካለ የፍቺ ውሳኔ፣ ሞት ካለ የሞት ምዝገባ ይቅረብ። ፈትቶ ማግባት በሁለቱም አገር ሕጋዊ ነው፤ የተደበቀ ትዳር ግን ሲገለጥ አዲሱን ያጠፋል።

አንድ ነገር በጥብቅ አስጠነቅቃለሁ። ባለቤቱ ስዊድን ተቀምጦ ወንድሙ ወይም አባቱ በውክልና «አግብቶለት» የሚደረግ ሰርግ አለ። በእኛ ሕግም ሁለቱ ተጋቢዎች በአካል መገኘት አለባቸው፤ በውክልና መጋባት የሚቻለው ሥልጣን ያለው የፍትሕ መሥሪያ ቤት ከባድ ምክንያት መኖሩን አረጋግጦ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ስዊድን ደግሞ ከተጋቢዎቹ አንዱ የስዊድን ዜጋ ወይም ነዋሪ ከሆነ እንዲህ ያለውን ጋብቻ አትቀበልም። ከተጋቢዎቹ አንዳቸው ከ18 ዓመት በታች ሳሉ የተፈጸመውንም እ.ኤ.አ. ከ2019 መጀመሪያ ወዲህ አትቀበልም፤ አንዳቸው 21 ዓመት ካልሞላቸውም የመኖሪያ ፈቃዱ ሊከለከል ይችላል። ዕድሜ አስረዝሞ የልደት ወረቀት ማውጣት ለዚህ ዘዴ የሚመስለው ሰው አለ። ያ ሰው ልጅቱን እየጎዳት መሆኑን ይወቀው።

ስለ ስዊድኑ ወገን ያልነገርኳችሁ አለ። ገቢው የቤት ኪራይ ከከፈለ በኋላ ለሁለት ሰው መተዳደሪያ የሚበቃ መሆን አለበት፤ ቤቱም እንደዚሁ፤ ለሁለት አዋቂ አንድ ክፍልና ማብሰያ በቂ ነው። ይህን እሱ ያሟላ። ግን ከሁሉ በላይ ጠይቁት፦ መጀመሪያ ጥገኝነት ሲጠይቅ ስለ ስሙ፣ ስለ ዕድሜው፣ ስለ ቤተሰቡ ምን ተናግሮ ነበር? ከ20 ዓመት በፊት የሰጠው ቃል እንኳ በፋይሉ ውስጥ ተቀምጧል። ያኔ «እኅት የለኝም» ያለ ሰው ዛሬ በሰርጉ ፎቶ ላይ ከአራት እኅቶቹ ጋር ቢቆም ጠያቂው ያየዋል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ልዩነት ካለ ከማመልከቻው ጋር ራሱ አስቀድሞ ያስረዳ።

ማመልከቻው በኢንተርኔት ይገባል፤ እዚህ ያለው አመልካች ውሳኔ እስኪያገኝ ከስዊድን ውጭ ይጠብቃል። ለቃለ መጠይቅ የሚጠራው አዲስ አበባ ወዳለው የስዊድን ኤምባሲ ነው። የሚጠየቀውም መቼ ተዋወቃችሁ፣ በማን በኩል፣ ሰርጉ ላይ ማን ነበር፣ ባለቤትሽ ምን ይሠራል፣ አማቶችሽ እነማን ናቸው የሚል ነው። በእኛ ልማድ ሽማግሌ ልኮ፣ ዘመድ አይቶ መጋባት የሚያሳፍር አይደለም። እንደ ፊልም ያለ የፍቅር ታሪክ መፍጠር አያስፈልግም፤ ሽማግሌዎቹን በስማቸው ጥሩ። የመጀመሪያው ፈቃድ ብዙውን ጊዜ የሁለት ዓመት ነው፤ ሲታደስ ፋይሉ እንደገና ይታያል። ዛሬ ያስገባችሁት ወረቀት ከሁለት ዓመት በኋላም ይነበባል ማለት ነው።

እዚህ ላይ መዝገብ የጠፋበትን ሰው ሳልጠቅስ ባልፍ ቅር ይለኛል። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ሰሜን ወሎን ባዳረሰ ጊዜ የመንግሥት ጽሕፈት ቤቶች ተዘርፈዋል፣ ሰነድም ተበትኗል። ከ2015 ማብቂያ ወዲህም በክልሉ ያለው ግጭት ብዙ ቢሮ እንዲዘጋ፣ መንገድም እንዲቋረጥ አድርጓል። እንዲህ ያለ ሰው ጠፋ የተባለውን መዝገብ በድብቅ አዲስ አስመስሎ ከማሠራት ይልቅ መሥሪያ ቤቱ «መዝገቡ በዚህ ጊዜ፣ በዚህ ምክንያት የለም» ብሎ በማኅተም እንዲጽፍለት ይጠይቅ፤ ከዚያ በፍርድ ቤት ምስክር ያሰማ። የእውነት ክፍተት ከተስተካከለ ሐሰት ይበልጣል። የፍልሰት ሠራተኛም ጦርነት ምን እንደሚያደርግ አይጠፋውም፤ ስዊድን የብዙ አገር ስደተኛ የገባባት አገር ናት።

ሐሰት የሚሸጠውን ደላላ ከደኅናው ጉዳይ አስፈጻሚ የምለየው እንዲህ ነው። ጉዳይ አስፈጻሚ ወረፋ ይይዝልሃል፣ ቢሮ ያሳይሃል፣ ፎርም ይሞላልሃል፤ ዋጋውን ክፈለው። «ልደትህን ስንት ላድርግልህ?» የሚልህን ግን ከቤትህ አስወጣው። የሐሰት ሰነድ በአገራችን የወንጀል ሕግ ያስቀጣል፤ በስዊድን ደግሞ በሐሰት የተገኘ የመኖሪያ ፈቃድ ከተሰጠ በኋላም ሊሰረዝ ይችላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ሲፈታም ቤት ንብረት ተሠርቶ፣ ልጅ ተወልዶ ሊሆን ይችላል።

ማኅተም ማስመታቱን በአጭሩ ልበል። ወረቀቱን ያወጣው ቀበሌ ፊርማና ማኅተም በበላዩ አካል ይረጋገጣል፤ ለውጭ አገር የሚሆነው መጨረሻው አዲስ አበባ ያለው የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ነው። እዚያ ያለ ሠራተኛ የሚያየው ፊርማው የተፈቀደለት ሰው መሆኑን እንጂ ልደትህ እውነት መሆኑን አይደለም። ስለዚህ ማኅተም የበዛበት ስህተት ያው ስህተት ነው። መንገዱን ከመጀመራችሁ በፊት በቤታችሁ ወረቀቶቹን ሁሉ በጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ስም ከስም፣ ቀን ከቀን፣ የእናት ስም ከእናት ስም አስተያዩ። የተማረ ልጅ ካለ ያንብብላችሁ። የተለያየ ከተገኘ አዲስ አበባ ሳትደርሱ እዚሁ አስተካክሉ፤ የክብር መዝገብ ሹሙ እዚሁ ነው፣ ፍርድ ቤቱም እዚሁ ወረዳው ላይ ነው፣ ምስክሮቹም እዚሁ ናቸው።

አሁን አራስ ቤት ያላችሁ ወላጆች፣ የዛሬው ንግግር ከሁሉ ይልቅ ለእናንተ ነው። አዋጁ ልደትን ለማስመዝገብ የሰጠው 90 ቀን ነው። ወንድ ልጅ በ40ኛው፣ ሴት ልጅ በ80ኛው ቀን ክርስትና ትነሳለች፤ ከሴቲቱ ክርስትና በኋላ የሚቀረው አሥር ቀን ብቻ ነው። የክርስትናው ዳቦ ሳይደርቅ ወደ ቀበሌ ሂዱ። በጤና ጣቢያ ወልዳችሁ ከሆነ የተሰጣችሁን የልደት ማሳወቂያ ያዙ፤ በቤት ከሆነም ያዋለደችውን ሴት ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጥሩ። የሕፃኑን ስም፣ የአባቱን፣ የእናቱን ሙሉ ስም በአንድ አጻጻፍ አስጽፉ። እናት ወይም አባት፣ ሁለቱም ባይኖሩ አሳዳጊው ማስመዝገብ ይችላል።